«የጋብቻ ውላችንን ብሎክቼን ላይ እናስቀምጠው» ይለኛል፣ ልፈርም?

(ደብዳቤው ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ፣ ስምና ሰፈርም አውጥቻለሁ።)

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። 31 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ትንሽ የኮስሞቲክስ ሱቅ አለችኝ፣ ዕጣ የደረሰኝ ኮንዶሚኒየምም አለ፣ የባንክ ዕዳው ግን ገና አላለቀም። እጮኛዬ ሶፍትዌር ነው የሚሰራው፣ ቤት ሆኖ ለውጭ ድርጅት ነው፣ የሚከፈለውም በክሪፕቶ ነው። ሰርጋችን ጥር ላይ ነው። የንብረት ውል እንፈራረም ሲለኝ እንደውም ደስ አለኝ፣ ግን ውልና ማስረጃ መሄድ፣ ምስክር መጥራት፣ ሽማግሌ ምናምን አልፈልግም፣ በሁለታችን መሃል ይሁን፣ ብሎክቼን ላይ ከገባ ማንም አይሰርዘውም፣ ፍርድ ቤትም አይነካውም ይላል። ውሉን የጻፈው እሱ ነው። ሱቁና ኮንዶሚኒየሙ ያንቺ፣ ከጋብቻ በኋላ የሚገኘው የጋራ፣ የስልክ ፓስወርድ አንደባበቅም፣ የከዳ ሰው ደሞ ተቆልፎ የሚቀመጠውን 5 ሺህ ዶላር ያጣል፣ ኮንትራቱ ራሱ በአውቶማቲክ ለተከዳው ይልክለታል ይላል። ልጅ ወልደን ብንለያይ ማን ጋር እንደሚያድግም ጽፎበታል። ወደፊት ቨርጂኒያ ወንድሙ ጋር ልንሄድ እንችላለን፣ እዛም ይሰራል ብሎኛል። እናቴ አልሰማችም፣ ብትሰማ ጉድ ነው። ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ?»

እህቴ፣ መልሱን ከፊት ላስቀምጥልሽ፣ ውል መዋዋሉን ተዋዋዪ፣ ይሄንን ግን እንዲህ እንዳለ አትፈርሚ።

ከሰርግ በፊት ስለ ንብረት ማውራት ነውር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፣ «ገና ሳትጋቡ ፍቺ ታስባላችሁ» የምትል አክስት በየቤቱ አትጠፋም። ግን አያቶቻችን በሰማንያ ሲጋቡ ምን ነበር የሚያደርጉት? የሷ ይሄን ያህል የሱ ይሄን ያህል ተብሎ ተቆጥሮ፣ ዋስ ተጠርቶ፣ ምስክር ተቀምጦ ነበር እኮ። ስለዚህ ልጁ ውል ማሰቡን እኔ በክፉ አላየውም፣ እንደውም ሰርጉ አልፎ ሶስት ዓመት ሲሞላ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ «ይሄ ፍሪጅ የማን ነበር» ከሚባባሉት ይሻላል።

አሁን ወደ ብሎክቼኑ እንምጣ፣ ማለትም ብዙ ኮምፒውተር ላይ እኩል ተቀምጦ አንዴ የተጻፈበት ወደማይፋቀው የጋራ መዝገብ። ነገሩ አዲስ አይደለም፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2014 ዴቪድ ሞንድረስና ጆይስ ባዮ የሚባሉ ጥንዶች ፍሎሪዳ ዲዝኒ ወርልድ ውስጥ ሲጋቡ ጋብቻቸውን የቢትኮይን ብሎክቼን ላይ መዝግበዋል፣ ያኔ ዜና ሆኖ ነበር። ግን እዛ ላይ ስንት ነገር እንደሚጻፍ ታውቂያለሽ? ቢትኮይን ላይ ለማስታወሻ የሚሆነው ቦታ ለብዙ ዓመት የተለመደው ገደቡ 80 ባይት ነበር፣ አንድ የኛ ፊደል ደሞ 3 ባይት ይይዛል፣ ስለዚህ በአማርኛ 26 ፊደል ስትጽፊ ሞላ፣ የሁለታችሁን ስም ከነአባት ከጻፍሽ ለሱቁ ቦታ የለም። ሌሎቹ ብሎክቼኖች፣ እነ ኢቴሪየም ላይ ሰፋ ያለ ጽሁፍ ይገባል፣ ግን በጻፍሽው ልክ ትከፍያለሽ፣ የጻፍሽውንም ዓለም ያነበዋል።

ለዚህ ነው አብዛኛው ሰው ውሉን ራሱን ሳይሆን የውሉን ሃሽ የሚያስቀምጠው። ሃሽ ማለት ፋይሉ በፕሮግራም ሲያልፍ የሚወጣ፣ በተለመደው ዓይነት 64 ፊደልና ቁጥር የያዘ ድርድር ነው፣ እሱን አይቶ ውሉ ምን እንደሚል ማወቅ አይቻልም፣ ፋይሉ ቅንጣት ከተነካ ግን ፍጹም ሌላ ሃሽ ይወጣል። ቅንጣት ስልሽ የምሬን ነው፣ «ሀብት» የሚለውን «ሃብት» ብለሽ ብታስተካክዪው፣ አራት ነጥብ ብትጨምሪ፣ ወይ የጠፋውን ውል በቃል አስታውሰሽ ደግመሽ ብትጽፊው አይገጥምም፣ የኛ ሰው ደሞ ሰና ሠ፣ ሀና ሐ ላይ እንደልቡ ነው። ኦርጅናል ፋይሉ የጠፋ ቀን ብሎክቼኑ ላይ ያለው ሃሽ ምንም አይፈይድሽም። እና ፋይሉ ያለው የማን ላፕቶፕ ላይ ነው? መቼም የሱ ነው።

እና ብሎክቼን የሚሰጥሽ ነገር አንድ ነው፣ ይሄ ፋይል በዚህ ቀን ነበረ፣ ከዛ ወዲህ አልተነካም። ቀላል ነገር አይደለም፣ ወረቀት ላይ ቀን ወደ ኋላ መጻፍ ለለመደ ሰው መድሃኒቱ ነው። ግን ወደሽ ፈረምሽ ወይ ተገደሽ፣ ያነበብሽው ውል ገብቶሻል ወይ አልገባሽም፣ ሌላው ቀርቶ በተኑን የተጫንሽው አንቺ ነሽ ወይስ ስልክሽን የያዘ ሰው፣ ይሄን አያውቅም።

ህጉ ደሞ የሚፈልገው ይሄንን ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ህግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚሰራበት (ብዙ ክልሎች የራሳቸው አላቸው)፣ አንቀጽ 42 ላይ ተጋቢዎች ከጋብቻው በፊት ወይ በዕለቱ ስለ ንብረታቸው መዋዋል ይችላሉ ይላል፣ ስለ ግል ግንኙነታቸውም ጭምር። አንቀጽ 44 ደሞ ውሉ በጽሁፍ ሆኖ አራት ምስክር፣ ሁለት ከባል ወገን ሁለት ከሚስት ወገን፣ ካልፈረሙበት አይጸናም ይላል። እጮኛሽ «አልፈልግም» ያለው ምስክር እንግዲህ ውሉን ውል የሚያደርገው ነገር ነው። «ፍርድ ቤት አይነካውም» የሚለው አባባሉ አንድ እውነት አለው፣ ዳኛ ብሎክቼን ላይ የተጻፈን ነገር ማጥፋት አይችልም። ማጥፋትም አይጠበቅበትም እኮ! «ምስክሮቹ የታሉ» ይላል፣ የሉም፣ በቃ፣ ሃሹ እዛው ተቀምጦ ይኖራል፣ እናንተ ግን ውል እንደሌለው ሰው ነው የምትካፈሉት።

«ኤሌክትሮኒክ ሰነድ አሁን ህጋዊ ነው» ሊልሽ ይችላል። አልተሳሳተም፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ሰነድ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ዋጋ እንዳያጣ ያደርጋል፣ ግን ያልነበረን ምስክር አይፈጥርም።

ቀኑንም አስቢበት፣ ምክንያቱም ይሄ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። አንቀጽ 73 ባልና ሚስት ከተጋቡ በኋላ እርስ በርስ የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ውጤት የለውም ይላል። ስለዚህ «ለሰርጉ ስንሯሯጥ አልደረስንም፣ ከጫጉላ በኋላ እንጨርሰዋለን» የሚባል ነገር የለም፣ ወይ እስከ ሰርጉ ዕለት አልቋል፣ ወይ ፍርድ ቤት ይጠብቃችኋል።

እሺ ቴክኖሎጂው ይብቃን፣ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ውሉ ውስጥ ያለው ነገር ነው። «ሱቁ ያንቺ፣ ኮንዶሚኒየሙ ያንቺ» ብሎ ሲጽፍልሽ ስጦታ መስሎሻል መሰለኝ። አንቀጽ 57 ላይ ሰው ወደ ጋብቻ ይዞት የገባው ንብረት ያለ ምንም ውልም የግሉ ነው፣ ከጋብቻ በኋላ በውርስ ወይ በስጦታ ያገኘውም እንደዛው፣ ስለዚህ የሰጠሽ ነገር ድሮም ያንቺ ነው። ዋናው ጥያቄ ያለው ገቢው ላይ ነው። አንቀጽ 62 ከግል ንብረት የሚገኘውንም ገቢ የጋራ ያደርገዋል፣ የሱ ውልም «ከጋብቻ በኋላ የሚገኘው የጋራ» ሲል ይሄንኑ ነው የደገመው። አሁን ሱቅሽን አስቢው። ዛሬ መደርደሪያ ላይ ያለው ሽቶ፣ ዊግ፣ ቅባት ተሸጦ ያልቃል፣ በትርፉ ሌላ ታመጫለሽ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሱቁ ውስጥ ያለው ዕቃ በሙሉ ከጋብቻ በኋላ የተገዛ ይሆናል። አንቀጽ 63 ደሞ በአንዱ ስም የተመዘገበ ቢሆን እንኳን የግሌ ነው ያለ እስካላስረዳ ድረስ ንብረቱ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል ይላል። እና «ሱቁ ያንቺ» ማለት ምን ማለት ነው? ንግድ ፈቃዱ? ቁልፉ? ውሉ ይሄን ነው መመለስ ያለበት፣ ስለዚህ ከሰርጉ በፊት ቆጠራ አድርጊ፣ የዕቃውን ዋጋ፣ ያለብሽን ዱቤ፣ ሰው ላይ ያለሽን፣ በወረቀት፣ ከውሉ ጋር ይያያዝ፣ ዕቃው ሲተካ የሚተካው ዕቃ እንዴት እንደሚታይም ይጻፍ።

ኮንዶሚኒየሙም እንዲሁ ነው። ከጥር በኋላ የባንኩን ወርሃዊ ከየት ነው የምትከፍዪው? ከሱቁ ገቢ ወይ ከሱ ደሞዝ፣ ሁለቱም የጋራ ናቸው፣ ነገ «እኔም ከፍያለሁ» ቢልሽ አልዋሸም። ከባንክ የቀሪ ዕዳ ደብዳቤ አውጪና አያይዢው፣ ከዛ በኋላ የሚከፈለው እንዴት እንደሚታሰብ ተስማሙ። ደሞ አንድ ቀን ኮንዶሚኒየሙን ሸጠሽ ሌላ ቤት ብትገዢ፣ በግል ንብረትሽ ዋጋ የተገዛ ስለሆነ ብቻ ዝም ብሎ ያንቺ አይሆንም፣ አንቀጽ 58 እንደሚለው ፍርድ ቤት ጠይቀሽ የግል ነው ማስባል አለብሽ። ይሄን ስንት ሰው ያውቃል? የተፋታ ሰው ያውቃል።

ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው ደሞ አንድ ነገር አጣሁ። የሱ ንብረት የታለ?

ያንቺ ሱቅ አድራሻ አለው፣ ንግድ ፈቃድ አለው፣ ቤትሽንም ክፍለ ከተማውም ባንኩም ያውቀዋል። እሱ ለስንት ጊዜ እንደሆነ ባልጻፍሽልኝ ጊዜ በክሪፕቶ ሲከፈለው ቆይቷል፣ ዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ) ላይ ደሞ ስም አይጻፍም፣ እንደ ቁልፍ የሚያገለግሉትን 12 ወይ 24 የሚስጥር ቃላት የያዘ ሰው ነው ባለቤቱ። «ገቢ የጋራ ነው» ተብሎ ተጽፎልሻል፣ የት እንደሚገባ የማታውቂውን ገቢ ግማሹን ከማን ትጠይቂያለሽ? እየደበቀ ነው አላልኩም፣ ምናልባት ንብረት ነው ብሎ አስቦት አያውቅም፣ ክሪፕቶን እንደ ጌም የሚያዩት አሉ። ግን ያንቺን በዝርዝር ጽፎ የራሱን ባዶ የተወ ውል በግማሽ የተጻፈ ውል ነው። ደስ የሚለው፣ መፍትሄው ራሱ የሚወደው ቴክኖሎጂ ውስጥ ነው ያለው፣ ኢቴሪየም ይሁን ትሮን የዋሌቱን አድራሻ ከሰጠሽ ያለውን ባላንስና የገባ የወጣውን ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ማየት ይችላል፣ የባንክ ሂሳብ እንኳን እንዲህ ግልጥ አይደለም። አድራሻዎቹ ይጻፉ፣ በሰርጉ ዕለት ያለው ባላንስ ይጻፍ፣ የሱ የግል ንብረት ያ ነው፣ ከዛ በኋላ የገባው የጋራ። ለሱም እኮ ይጠቅመዋል፣ አለበለዚያ የሱም የድሮ ገንዘብ በግምት የጋራ ሊባል ነው።

ቨርጂኒያ ላላችሁትም ይሄው ነው። አሜሪካ ውስጥ ከጋብቻ በፊት ለሚደረግ ውል በ1983 (የአሜሪካዎቹን ዓመቶች በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) የወጣ ሞዴል ህግ አለ፣ ቨርጂኒያን ጨምሮ ብዙ ስቴቶች ተቀብለውታል፣ ውሉ በጽሁፍ ሆኖ ሁለቱም የፈረሙበት መሆን አለበት፣ ሳይወድ የፈረመ ሰው ወይ የሌላውን ንብረት በቅጡ ሳይነገረው ክፉኛ የሚጎዳውን ውል የፈረመ ሰው ደሞ ሊያስጥለው ይችላል። ያልተገለጸ ዋሌት እዛም ችግር ነው ማለት ነው። እሱ ምናልባት አሪዞና በ2017 ለብሎክቼን ፊርማ ዕውቅና መስጠቷን አንብቦ ይሆናል፣ ልክ ነው፣ ግን በ2000 የወጣው የኤሌክትሮኒክ ፊርማ የፌዴራል ህግ ራሱ ፍቺን፣ ጉዲፈቻንና ሌላ የቤተሰብ ህግ ጉዳይን ከሽፋኑ ያወጣል። ኔቫዳ ያለው ዋሾ ካውንቲ በ2018 የጋብቻ ሰርተፊኬት ኢቴሪየም ላይ አስመዝግቦ በዲጂታል መስጠት ጀምሮ ነበር፣ ቅደም ተከተሉን ግን ተመልከቺ፣ መጀመሪያ መንግስት መዘገበ፣ ብሎክቼኑ ኮፒውን ያዘ። እናንተ ቢሮውን ዘላችሁ ነው ኮፒውን የያዛችሁት። እዛ የምትሄዱ ከሆነ የዛኑ አገር ጠበቃ አማክሩ፣ ከዚህ በላይ በኔ ዓምድ አይመለስም።

ወደ 5 ሺህ ዶላሩ። ስማርት ኮንትራት ፕሮግራም ነው፣ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው፣ ሰው ሲከዳ አያይም። «ከድቷል» የሚለውን በተን ማን ነው የሚጫነው? አንቺ ብቻ ከሆንሽ በተናደድሽ ቀን ትጫኛለሽ፣ እሱ ብቻ ከሆነ ጭራሽ አይጫንም፣ ሁለታችሁም መስማማት ካለባችሁ በተጣላችሁ ቀን የሚስማማ የለም፣ አንዳችሁ ቁልፉን ከጣላችሁት ደሞ ገንዘቡ እዛው ተቆልፎ ቀረ። ሶስተኛ ሰው ይዳኘን ካላችሁ እሱ ሽማግሌ ነው! ሽማግሌ አልፈልግም ብሎ ጀምሮ ዞሮ ሽማግሌ ቤት ገባ። በዛ ላይ ኮንትራቱን የሚጭነው እሱ ነው፣ ብዙ ስማርት ኮንትራቶች የጫናቸው ሰው በኋላ እንዲቀይራቸው ተደርገው ይሰራሉ፣ ስለዚህ «ማንም አይነካውም» ሲልሽ «አንተስ?» ብለሽ ጠይቂው። ብሄራዊ ባንክም በኛ አቆጣጠር በ2014 ክሪፕቶ ለክፍያ መጠቀም ህገወጥ ነው ብሎ አስጠንቅቋል፣ የተቆለፈ ዩኤስዲቲ (ከዶላር እኩል እንዲሄድ የተሰራ ክሪፕቶ) ይለቀቅልኝ ብለሽ ክስ ስትጽፊ ይታይሽ። ይሄ አንቀጽ በኔ ምክር ሙሉ በሙሉ ይውጣ። የልጁም ይውጣ፣ ልጅ ማን ጋር ይደግ የሚለውን ፍርድ ቤት የሚያየው በልጁ ጥቅም ነው፣ ገና ሳይወለድ እናትና አባቱ የፈረሙት ወረቀት አያስረውም።

የስልክ ፓስወርድ... መተማመን ካለ አይጻፍም፣ ከሌለም ተጽፎ አይመጣም፣ ግን እኔን ያስፈራኝ የሚጻፍበት ቦታ ነው። ሰማንያ ቢሆን ይቀደዳል። ብሎክቼን ላይ የገባ ጽሁፍ አይወጣም፣ ተመስጥሮ ገብቶ እንኳን ቢሆን ቁልፉ አንድ ቀን ቢወጣ የጓዳችሁ ነገር ለሰው ሁሉ ተነበበ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው መረጃዬ ይሰረዝልኝ ብሎ የመጠየቅ መብት ይሰጣል፣ እዛ ግን ማንን ትጠይቂያለሽ? ስለዚህ ስም፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር፣ የመኝታ ቤት ጉዳይ፣ አንዱም እንዳይገባ። ሃሽ ብቻ።

ምስክር የሚለው ነገር ላይ እጮኛሽን ትንሽ እረዳዋለሁ። ምስክር ሲባል የመጣለት የሰፈር ሽማግሌ ተሰብስቦ ስለ ደሞዙ ሲጠይቀው ይሆናል፣ ቤተሰብ ውስጥ ወሬው እንደሚዞር ፈርቶም ይሆናል። አጎት የግድ አይደለም እኮ፣ ከየወገናችሁ ሁለት ሁለት አፋቸው የሚታመን ሰው፣ ሚዜዎቻችሁ ይበቃሉ። ለእናትሽም ዝርዝሩን ባትነግሪያት ቅር አይበልሽ፣ ውል እንዳለ ካወቀች ይበቃል።

እና እንዲህ አድርጉት፣ አንድ የቤተሰብ ጉዳይ የሚይዝ ጠበቃ ጋር ሂዱ፣ ቢቻል አንቺ መጀመሪያ ለብቻሽ፣ ምክንያቱም ውሉን የጻፈው እሱ ነው። የሁለታችሁም ንብረትና ዕዳ በዝርዝር ይግባ፣ አራቱ ምስክሮች ይፈርሙ፣ ውልና ማስረጃ ወስዳችሁ አስጸድቁት፣ ጋብቻችሁን ወሳኝ ኩነት ስታስመዘግቡ ኮፒው ከመዝገቡ ጋር እንዲቀመጥ ጠይቁ። ኦርጅናሉ ለየብቻ ይኑራችሁ። ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ የተፈረመውንና ማህተም ያረፈበትን ስካን አድርጎ ሃሹን ብሎክቼን ላይ ያስቀምጥ፣ ምን ከፋ፣ ኦፕን ታይምስታምፕስ የሚባለው በነጻ ይሰራዋል፣ ክሪፕቶ ዋሌትም አያስፈልገውም፣ ፋይሉንና የሚሰጠውን ማረጋገጫ ፋይል ሁለታችሁም ሁለት ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ብሎክቼኑን ሳትነፍጊው ውሉን አዳንሽው።

ስትነግሪው ደሞ «እትዬ እንዲህ አለችኝ» ብለሽ አትጀምሪ፣ ስሜን ሲሰማ ይዘጋል። በራስሽ ቃል፣ «ውሉን ወድጄዋለሁ፣ እውነተኛ ውል እንዲሆን ነው የምፈልገው፣ እኔ የሱቁን ቆጠራና የባንኩን ደብዳቤ እስከ ቅዳሜ አመጣለሁ፣ አንተ የዋሌቶችህን አድራሻ አምጣ፣ ሚዜዎቻችን ይፈርሙ፣ ከዛ አንተ ብሎክቼን ላይ አድርገው» በዪው። ካመጣ ጠበቃው ጋር አብራችሁ ሂዱ። «ዋሌቴ አይመለከትሽም» ካለ ግን የሰርግ ካርዱን ከማሳተምሽ በፊት ጻፊልኝ።